ከኦብጀክት ኦሪየንትድ ወደ ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ፦ በባቲ የሰኞ ገበያ ሂሳብ የሚሄድ መመሪያ

ይህ መመሪያ ጃቫ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኮትሊን ወይም ዳርት ለሚሠራ ሰው ነው። ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ ተቀምጣችሁ ክላስ፣ ኢንሄሪታንስ፣ ጌተርና ሴተር ስትጽፉ ከርማችኋል እንበል። ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁትም እሱኑ ነው። ስለ ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ የሰማችሁት ደግሞ ግማሹ ሞናድ፣ ግማሹ የሒሳብ ሊቃውንት ወሬ ነው። በዚያ በር አትግቡ። ሃስኬል የተባለውን ፈንክሽናል ቋንቋ አውርዶ ከሞናድ መጀመር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። አሁን በእጃችሁ ባለው ቋንቋ፣ አሁን በምትሠሩት ፕሮጀክት ላይ መጀመር ይቻላል።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በኦብጀክት ኦሪየንትድ አሠራር ኦብጀክቶች መረጃቸውን በሆዳቸው ይይዛሉ፣ እርስ በርስ ይጠራራሉ፣ የያዙትንም እያደር ይቀያይራሉ። በፈንክሽናል አሠራር ከአንድ ቫልዩ ሌላ ቫልዩ እያሰላችሁ ትሄዳላችሁ። የነበረው አይነካም፤ አዲስ ይወጣል። ሁሉንም ነገር በዚህ መንገድ ካልጻፍኩ ብሎ መድረቅ አያስፈልግም። እኔ ዋናው የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሂሳቡን ከድርጊቱ ለዩት። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ወደዚያ የሚወስዱ ናቸው።

የምንሠራበት ምሳሌ ይኸውላችሁ። አንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ አሉ እንበል፤ ሐጂ እያልን እንጥራቸው። ሰኞ ሰኞ ባቲ ይወርዳሉ። የአፋሩ ግመልና የደጋው ሰው በግና ፍየል አንድ ቦታ የሚገናኙበት ገበያ ነው። ሐጂ ከብት ይገዛሉ፣ ይሸጣሉ። አንዱ ገዢ በጥሬ ገንዘብ ይከፍላል፣ ሌላው በቴሌብር፣ ሦስተኛው ዱቤ ይወስዳል። ደላላው ድርሻ አለው። እናንተ ለሳቸው የስልክ አፕ ትሠራላችሁ። አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምንጽፈው እንዲህ ያለ ነገር ነው (ኮዱን በአማርኛ እጽፈዋለሁ፤ ወደ ቋንቋችሁ መልሱት)፦

ክላስ ሽያጭ
    ዋጋ፣ የደላላ_ድርሻ፣ የቴሌብር_ቁጥር፣ የዱቤ_ቀን
    ሜተድ ዝጋ()
        ዛሬን ከስልኩ ሰዓት አንብብ
        የደላላ_ድርሻን አስልተህ ራስህ ላይ ጻፍ
        ዱቤ ከሆነ የመክፈያውን ቀን አስልተህ ራስህ ላይ ጻፍ
        ዳታቤዝ ላይ አስቀምጥ
        ለገዢው ኤስኤምኤስ ላክ

ይሠራል። ግን የደላላውን ድርሻ ብቻ ቴስት ላድርግ ብትሉ ዳታቤዝ ማቆም፣ ለኤስኤምኤሱ ሞክ (ለቴስት ብቻ የሚሆን አስመሳይ) መሥራት፣ የስልኩን ሰዓት ማታለል ሊኖርባችሁ ነው። አንድ መቶኛ ለማስላት ይህ ሁሉ ጣጣ።

1. መሣሪያ

ጃቫ ከሆነ 17 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ 21 ቢሆን ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጃቫ 8 ላምዳ (ስም የሌለው ፈንክሽን) እና ስትሪም ስላለው መነሻ ይሆናል። ከታች የምነግራችሁ ሪከርድ (ዳታ ለመያዝ የተሠራ አጭር ክላስ) እና ሲልድ ኢንተርፌስ (ከሥሩ የሚገቡት ዓይነቶች አስቀድመው የተወሰኑ) ግን እዚያ ላይ የሉም። ሲ ሻርፕ ከ9 ወዲህ ሪከርድ አለው። ዳርት ከ3 ጀምሮ ሲልድ ክላስና ፓተርን ማቺንግ አለው፣ ስለዚህ ፍላተር የምትሠሩ ምንም አይጎድልባችሁም። ኮትሊን ዳታ ክላስና ሲልድ ክላስ ካገኘ ቆይቷል።

ኔትወርክ ደህና በሆነበት ሰዓት ጄዲኬውንና ዶክመንቴሽኑን አንድ ላይ አውርዳችሁ አስቀምጡ። ከጃቫ 9 ጀምሮ ጄሼል የሚባል አለ፤ አንድ መስመር ትጽፋላችሁ፣ ወዲያው ይመልሳል፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። ፈንክሽናል አጻጻፍ ለመልመድ ከእሱ የተሻለ ቦታ የለም፤ ትንንሽ ፈንክሽን እየጻፉ እዚያው መሞከር ነው።

2. ሂሳቡን አውጡት

ፒዩር ፈንክሽን የሚባለው ሁለት ጸባይ አለው። ያው ግብዓት ሲሰጠው ምንጊዜም ያንኑ መልስ ይመልሳል። ከመልሱ ሌላ ደግሞ ምንም አያደርግም፦ ዳታቤዝ አይነካም፣ ስክሪን ላይ አይጽፍም፣ ከራሱ ውጭ ያለ ቫሪያብል አይቀይርም።

ቀኑን እንውሰድ። ሐጂ ዱቤ የሚሰጡት ለ30 ቀን ነው እንበል፤ የሚቆጥሩትም በእኛው ቀን መቁጠሪያ ነው። ያኔ ጳጉሜን ትመጣለች። መጀመሪያ ይህችን ጻፉ፦

የጳጉሜን_ቀናት(ዓመት) = ዓመት ለ4 ተካፍሎ ቀሪው 3 ከሆነ 6፣ ካልሆነ 5

ለ2015 6 ትመልሳለች፣ ለ2016 5። ዛሬም ነገም፣ ደሴም ባቲም ያው ነው። ቀጥሎ፦

የመክፈያ_ቀን(የተሸጠበት_ቀን፣ የቀን_ብዛት) → ቀን

ይህችን ፈንክሽን ለመፈተሽ ምን ያስፈልጋል? ሁለት መስመር። ነሐሴ 20 ቀን 2016 ላይ 30 ቀን ጨምሩ፣ መስከረም 15 ቀን 2017 መምጣት አለበት። ነሐሴ 20 ቀን 2015 ላይ ብትጨምሩ ግን ጳጉሜን 6 ስለነበረች መስከረም 14 ቀን 2016 ይሆናል። ሞክ የለም፣ ዳታቤዝ የለም። «ዛሬ» የሚለው ከስልኩ ሰዓት የሚነበብ ሳይሆን ከውጭ የሚሰጥ ግብዓት መሆኑን አስተውሉ። ሰዓት ማንበብ፣ ራንደም ቁጥር ማውጣት፣ ፋይል መክፈት የድርጊት ወገን ናቸው፤ ፈንክሽኑ ውስጥ ከገቡ ፒዩርነቱ አለቀ።

አሁን የራሳችሁን ፕሮጀክት ክፈቱና ረዘም ያለ ሜተድ ምረጡ። እያንዳንዱን መስመር «ይህ ማስላት ነው ወይስ ማድረግ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚያሰሉትን ለብቻ አውጡና ስታቲክ ሜተድ አድርጓቸው። አዎ፣ ስታቲክ። «ስታቲክ መጥፎ ነው» ተብለን ያደግን ብዙ ነን። መጥፎ የሚሆነው የሚቀያየር ስቴት ሲይዝ ነው፤ ግብዓት ተቀብሎ መልስ የሚመልስ ስታቲክ ሜተድ ማንንም አይጎዳም።

ብዙ ሰው እዚህ ደረጃ ላይ ቢቆም እንኳ ትርፉን ይዟል። እኔን ብትጠይቁኝ ከጠቅላላው ጥቅም የሚበልጠው ድርሻ እዚህ ነው ያለው።

3. ሴተሮችን አስወጡ

ሐጂ ማታ ይደውላሉ፦ «ልጄ፣ ጠዋት ያየሁት ድምር አሁን ለምን ሌላ ሆነ?» ሴተር በበዛበት ኮድ ለዚህ ጥያቄ መልስ ማግኘት ጭንቅ ነው። ሽያጩን የያዘ ማንኛውም ክላስ፣ ከየትኛውም ስክሪን፣ ከየትኛውም ትሬድ ዋጋውን ቀይሮት ሊሆን ይችላል። ሴተሩ ከሌለ ጥያቄው ይጠባል፦ አዲሱን ሽያጭ ማን ሠራው?

በጃቫ ክላሱን ሪከርድ አድርጉት። በኮትሊን ዳታ ክላስ ሆኖ ፊልዶቹ በሙሉ ቫል ይሁኑ። በሲ ሻርፕ ሪከርድ። መቀየር ሲያስፈልግ አዲስ ኮፒ ይሠራል፦

አዲስ = ድሮ ላይ ዋጋ ብቻ 11500 የሆነበት ኮፒ

በኮትሊን ኮፒ የሚባል ሜተድ ራሱ ይመጣል፣ ሲ ሻርፕ ለዚህ የራሱ አገላለጽ አለው፣ በጃቫ ሪከርድ ላይ ግን ሜተዱን እናንተው ትጽፋላችሁ። ትንሽ ያሰለቻል።

ይህ እንግዳ ከመሰላችሁ የጃቫና የሲ ሻርፕ ስትሪንግ ምንጊዜም እንዲህ እንደነበር አስታውሱ። ስትሪንግ አይቀየርም፤ ወደ ትልቅ ፊደል ለውጥ ስትሉት አዲስ ይሰጣችኋል። ቢግዴሲማልም እንደዚያው ነው፤ ደምራችሁ ውጤቱን ካልተቀበላችሁት የደመራችሁት ጠፋ ማለት ነው። (የገንዘብ ነገር ከተነሳ ብርን በደብል አትያዙ። 0.1 ላይ 0.2 ሲደመር 0.30000000000000004 ይሆናል። በሳንቲም ኢንቲጀር ወይም በቢግዴሲማል ያዙ።)

ሦስት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ የጃቫ ፋይናል የሚቆልፈው ሪፈረንሱን ብቻ ነው። ሪከርዳችሁ ውስጥ ሊስት ካለ ሊስቱ ውስጥ አሁንም ማንም ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ኮንስትራክተሩ ላይ በሊስት ኮፒኦፍ የማይቀየር ኮፒ አድርጋችሁ ተቀበሉት። ሁለተኛው፣ የኮትሊን ሊስት ለንባብ ብቻ የሚታይ ነው እንጂ ከኋላው የማይቀየር ለመሆኑ ዋስትና የለውም። ሦስተኛው ከድሮው ልማድ የሚመጣ ነው፦ ኦብጀክት ሃሽሴት ውስጥ ከገባ በኋላ ሃሽ ኮዱ የሚሰላበትን ፊልድ ብትቀይሩበት ሴቱ እዚያው ይዞት ሳለ ፈልጎ ያጣዋል። የማይቀየር ዳታ ይህን ባግ ከነአካቴው ያስቀረዋል።

«ይህ ሁሉ ኮፒ ሜሞሪ አይፈጅም?» ይባላል። ለተለመደ የንግድ አፕ አያሳስብም። አዲሱ ሪከርድ ያልተቀየሩትን ፊልዶች ይጋራል፣ ቶሎ የሚሞቱ ትንንሽ ኦብጀክቶችንም ጋርቤጅ ኮሌክተሩ በቀላሉ ነው የሚያነሳቸው። ሚሊዮን ቁጥር ያለበት አሬይ በሉፕ ውስጥ የምትቀያይሩ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ የድሮውን መንገድ ተጠቀሙ።

4. ሉፕን በማፕ፣ ፊልተርና ሪዱስ

ይህን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ ቶሎ እንለፍ። የሰኞ ሽያጮች ዝርዝር አለ። የፍየሎቹን ጠቅላላ ዋጋ እንፈልጋለን፦

ሽያጮች
    → ፊልተር፦ ዓይነቱ ፍየል የሆነ
    → ማፕ፦ ዋጋውን ውሰድ
    → ሪዱስ፦ ከ0 ጀምረህ ደምር

ፍየሎቹ 9000፣ 11500 እና 8700 ብር ከሆኑ 29200 ይወጣል። በሲ ሻርፕ ስሞቹ ሴሌክት፣ ዌርና አግሪጌት ናቸው፤ ዳርት ላይ ፊልተር ዌር ይባላል፣ ሪዱስም ፎልድ፤ ሐሳቡ አንድ ነው።

መጠንቀቅ ያለባችሁ እነዚህ ላይ ነው። የጃቫ ስትሪም ሰነፍ ነው፤ መጨረሻ ላይ ውጤት ካልጠየቃችሁት ፊልተሩም ማፑም አይሠሩም። አንዴ የተጠቀማችሁበትን ስትሪም ሁለተኛ ብትጠሩት ኤክሴፕሽን ይወረውራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፎርኢች ከፍታችሁ ውስጡ የውጭ ሊስት ላይ አትጨምሩ። እሱ ያው ሉፕ ነው፣ ልብስ ቀይሮ መጣ እንጂ። ሉፕ ሁሉ ይቀየር ማለቴም አይደለም፤ አሥር ላምዳ የተቀጣጠለበት ሰንሰለት ከግልጽ ሉፕ የባሰ ይከብዳል። በሦስት፣ በአራት እርምጃ ካላለቀ መሐሉ ላይ ቆርጣችሁ ስም ስጡት።

5. ፈንክሽን ራሱ ቫልዩ ነው

ሐጂ ሁለት ዓይነት ደላላ አላቸው። አንዱ ከመቶ 2 ይወስዳል፣ ሌላው በአንድ ራስ ከብት 300 ብር። በለመድነው መንገድ የደላላ ደንብ የሚባል ኢንተርፌስ፣ ከሥሩ ሁለት ክላስ፣ ምናልባትም ፋክተሪ ይመጣል። አንድ ሜተድ ብቻ ያለው ኢንተርፌስ ግን ከፈንክሽን የተለየ አይደለም፤ ጃቫም ላምዳን የሚያስገባው በዚሁ በር ነው።

በመቶኛ(ስንት) = ሽያጭ ሲሰጠኝ፣ ዋጋ × ስንት ÷ 100 የሚመልስ ፈንክሽን
በራስ(ብር) = ሽያጭ ሲሰጠኝ፣ የከብት ብዛት × ብር የሚመልስ ፈንክሽን

«በመቶኛ(2)» ብላችሁ ስትጠሩ የምታገኙት ቁጥር አይደለም፣ 2ን ይዞ የቀረ ፈንክሽን ነው። ከላይ ላለው 29200 ብር 584 ይመልሳል። ነገ ሦስተኛ ደላላ «ከ2ቱ የሚያንሰውን» ቢል ሁለቱን ፈንክሽን ተቀብሎ አዲስ የሚመልስ አንድ መስመር ትጽፋላችሁ። አዲስ ክላስ ፋይል አይከፈትም። ኮንስትራክተር ላይ ዲፔንደንሲ ስታስገቡ የኖራችሁ ከሆነ የምታደርጉት ያንኑ ነው፤ ዕቃው ብቻ ቀለለ።

6. ክፍያው፣ ወይም የማይሆን ነገር እንዳይጻፍ ማድረግ

እኔ የምወደው ክፍል ይህ ነው። የመጀመሪያውን ክላስ ተመልከቱት፦ የቴሌብር ቁጥርም የዱቤ ቀንም አለው። ጥሬ ገንዘብ ከሆነ ሁለቱም ነል ናቸው። ሁለቱም ቢሞሉስ? የዱቤ ሽያጭ ሆኖ ቀኑ ነል ቢሆንስ? ኮምፓይለሩ ዝም ይላል፣ ባጉ የሚታየው ገዢው ገንዘብ ሳይከፍል ወር ሲሞላው ነው። ነልን እ.ኤ.አ. በ1965 ያስተዋወቀው ቶኒ ሆር ራሱ ከብዙ ዓመት በኋላ የቢሊዮን ዶላር ስህተቴ ብሎታል።

እንዲህ አድርጉት፦

ሲልድ ክፍያ ከሚከተሉት አንዱ ብቻ ነው
    ጥሬ
    ቴሌብር(የግብይት_ቁጥር)
    ዱቤ(የመክፈያ_ቀን)

አሁን ቀኑን ሳትሰጡ ዱቤ መጻፍ አይቻልም (በጃቫ ቀኑ ነል ሆኖ እንዳይገባ ግን ኮንስትራክተሩ ላይ ከልክሉ)። የቴሌብር ቁጥር ያለው ጥሬ ገንዘብም እንዲሁ። በጃቫ ሲልድ ኢንተርፌስ ሆኖ ሦስቱ ሪከርድ ይሆናሉ፤ ጃቫ 21 ላይ ስዊች በዓይነቱ ይመርጣል፣ ውስጡ ያለውንም እዚያው ይፈታል። በኮትሊን ዌን፣ በዳርት ስዊች ነው። ዋናው ጥቅሙ ደግሞ ይኸውላችሁ፦ ነገ ሐጂ «በባንክም ይከፍሉኛል» ብለው አራተኛ ስትጨምሩ፣ ያልሸፈናችሁትን ስዊች ሁሉ ኮምፓይለሩ እየዞረ ያሳያችኋል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስዊቹ ላይ ዲፎልት አትጻፉ፣ ዲፎልት ካለ ኮምፓይለሩ የሚነግራችሁ ነገር የለውም።

እዚህ ላይ ኦብጀክት ኦሪየንትድ የለመደ ሰው ሊቃወም ይገባል። «ፖሊሞርፊዝም ለምን ተማርኩ ታዲያ? እያንዳንዱ ክፍያ የራሱን ሜተድ ይያዝ!» ልክ ነው፣ ይህ እውነተኛ ምርጫ ነው። በክላስና በሜተድ ከሄዳችሁ አዲስ ዓይነት መጨመር ቀላል ነው፤ አንድ ክላስ ጽፎ መጨረስ ነው። አዲስ ሥራ መጨመር ግን ሁሉንም ክላስ መንካት ይጠይቃል። በሲልድና በስዊች ከሄዳችሁ ተገላቢጦሽ ነው፦ አዲስ ሥራ አንድ ፈንክሽን ነው፣ አዲስ ዓይነት ግን ስዊቹን ሁሉ ያስከፍታል። የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁሩ ፊሊፕ ዋድለር እ.ኤ.አ. በ1998 ኤክስፕረሽን ፕሮብለም ብሎ የሰየመው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ጠይቁ፦ የሚበዛው ዓይነቱ ነው ወይስ ሥራው? የክፍያ ዓይነት በዓመት አንድ ቢጨመር ነው። ሪፖርት፣ ደረሰኝ፣ የዕለት ማጠቃለያ ግን በየሳምንቱ ይጠየቃል። ለዚህ ሲልድ ይሻላል። ሌላ ሰው ከውጭ ዓይነት እንዲጨምርበት የምትከፍቱት ፕላግኢን ከሆነ ግን ኢንተርፌሱን ያዙ።

7. ስህተትን መልሱት፣ አትወርውሩት

አጭር ነው። ገዢው በስልክ ቁጥር ተፈልጎ ላይገኝ ይችላል፤ ይህ የሚጠበቅ ነገር ነው። ነል ከመመለስ ኦፕሽናል መልሱ። ምክንያቱ የሚያስፈልግ ከሆነ እንደ ክፍያው «ተሳካ(ውጤት) ወይም አልተሳካም(ምክንያት)» የሚል ሲልድ ሥሩ። ኤክሴፕሽንን ላልተጠበቀ ነገር፣ ለምሳሌ ለሞላ ዲስክ፣ አስቀምጡት። በጃቫ ኦፕሽናልን የፊልድ ዓይነት አታድርጉት፤ የታሰበው ለመመለሻ ነው።

ኦፕሽናል ላይ ማፕና ፍላትማፕ እየጠራችሁ «ካለ ቀጥል፣ ከሌለ ተወው» ስትሉ ያን የሚፈራ ሞናድ እየተጠቀማችሁበት ነው። ከዚህ በላይ ለጊዜው ማወቅ አይጠበቅባችሁም።

8. ድርጊቱን ወደ ዳር ግፉት

እስካሁን የሠራነው ሁሉ እዚህ ይገናኛል። «ዝጋ» የሚለው ሜተድ አሁን እንዲህ ይሆናል፦

ዝጋ(ሽያጭ፣ ዛሬ፣ የደላላ_ደንብ) →
    የተዘጋ ሽያጭ
    የሚደረጉ ነገሮች ዝርዝር፦ አስቀምጥ(ሽያጩን)፣ ኤስኤምኤስ_ላክ(ስልክ፣ ጽሑፍ)

ልዩነቱን አያችሁት? ኤስኤምኤስ አይልክም። «ይላክ» የሚል ዳታ ይመልሳል። ከውጭ ያለው ቀጭን ክፍል ሰዓቱን ያነባል፣ ዳታቤዙን ይከፍታል፣ ፈንክሽኑን ይጠራል፣ የተመለሰለትን ዝርዝር አንድ በአንድ ይፈጽማል። መካከሉ በሙሉ ፒዩር ነው፣ ዳሩ ብቻ ዓለምን ይነካል።

ይህ ለእኛ አገር ሁኔታ ልዩ ጥቅም አለው። የገበያ ቀን ኔትወርክ ይጨናነቃል፣ መብራትም ይሄዳል። የሚደረገው ነገር ዳታ ስለሆነ ስልኩ ላይ ታስቀምጡታላችሁ፤ ሐጂ ኮምቦልቻ ሲገቡና ኔትወርክ ሲመለስ ወረፋው ይላካል። ሜተዱ ውስጥ በቀጥታ ቢላክ ኖሮ መሐል ላይ ሲወድቅ ሽያጩ ተቀምጦ ኤስኤምኤሱ የቀረ፣ ወይም ሁለቴ የተላከ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ተግባር የራሱ መለያ ቁጥር ስጡት፤ ተልኮ ከሆነ እንዳይደገም በዚያ ታውቁታላችሁ።

ክላሶቻችሁስ? ዳር ላይ ይቀመጣሉ። የዳታቤዝ ኮኔክሽን፣ ስክሪን፣ የቴሌብር ጥሪ፣ እነዚህ ዕድሜና ስቴት ያላቸው ነገሮች ናቸው፤ ኦብጀክት ያምርባቸዋል። ኢንካፕሱሌሽንና ኢንተርፌስ ላይ የተማራችሁት አንዱም አይጣልም።

9. ከዚያ በኋላ አንድ ቋንቋ

እነዚህን በለመዳችሁት ቋንቋ ካደረጋችሁ በኋላ ወደ ኋላ መመለሻ የማይሰጥ ቋንቋ መሞከር ዋጋ አለው። ሃስኬል ለዚህ ጥሩ ነው፦ ድርጊት ያለበት ፈንክሽን በታይፑ ላይ ይታወቃል፣ ስለዚህ ሂሳብና ድርጊት ብትቀላቅሉ ኮምፓይለሩ ራሱ ይቆጣል። እ.ኤ.አ. በ1990 ነው የወጣው፤ መሠረቱ የሒሳብ ሊቁ አሎንዞ ቸርች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የቀመረው ላምዳ ካልኩለስ ነው። ሥራ ላይ ለመጠቀም ካሰባችሁ ግን ያላችሁበትን ሰፈር ተመልከቱ። ዶትኔት ላይ ላላችሁ ኤፍ ሻርፕ፣ ጃቫ ላይ ላላችሁ ስካላ ወይም ክሎዠር። ብዙ ሰው በአንዴ የሚገናኝበት ሰርቨር የምትሠሩ ኤሊክሰርን እዩት፤ የሚሮጠው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በስዊድኑ ኩባንያ ኤሪክሰን ውስጥ ለስልክ ሥርዓት በተወለደው በኤርላንግ ቋንቋ ማሽን ላይ ነው።

ሃስኬል ውስጥ ስትገቡ እንደ ጃቫ ያለ ሉፕ የለም፣ ሪከርሽን (ፈንክሽኑ ራሱን መልሶ የሚጠራበት) ነው። ይህን ልማድ ይዛችሁ ወደ ጃቫ ስትመለሱ ተጠንቀቁ፦ የጃቫ ማሽን ቴይል ኮልን (የፈንክሽኑ የመጨረሻ እርምጃ የሆነውን ጥሪ) በራሱ አያቃልልም፣ ረጅም ዝርዝር ላይ ስታኩ ይሞላል። ኮትሊን ላይ ቴይልሬክ የሚል ምልክት አለ፤ ጃቫ ላይ ሉፑን ጻፉት፣ ማንም አይከሳችሁም።

በቡድን የምትሠሩ ከሆነ ሁሉንም ፋይል በአንድ ሌሊት ገልብጣችሁ ሪቪው ላይ አትምጡ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። ለመጀመሪያው ዳታቤዝም ኤስኤምኤስም የማይነካ፣ ሂሳብ ብቻ የሆነ አንድ ፋይል ምረጡ። መጀመሪያ ላለው ኮድ ቴስት ጻፉለት፣ ከዚያ ሴተሮቹን አስወጡና ቴስቱን መልሳችሁ አስኪዱት። ሪቪው ሲደርስ ስለ ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ ንግግር አታድርጉ፤ ሞኩ ጠፍቶ ቴስቱ በሁለት መስመር ማለቁን ብቻ አሳዩ።